ጂን (የስበት አክስለሬሽንን) በጋሪና በተዳፋት ስለካ ቁጥሩ ለምን ያንሳል? (አዳማ፣ 11ኛ ክፍል ሙከራ)

ፊዚክስ_አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጂን በተዳፋት ጣውላና በጋሪ የሚለኩበት ሙከራ እያዘጋጀሁ ነው። ቁጥሩ አልወጣ ብሎኛል። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ደግሞ ስህተቱ ወጥ አለመሆኑ ነው።

ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ 1.20 ሜትር የችፑድ ጣውላ፣ ከአንዱ ጫፍ ሥር መጽሐፍ እየተደራረበ ከፍ የሚል፤ ባለ አራት ጎማ የእንጨት ጋሪ፣ ጎማዎቹ ድፍን ፕላስቲክ፤ የስልክ ስቶፕዎች። ጋሪው ከቆመበት ተለቆ 1.00 ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበትን ጊዜ እይዛለሁ። ለእያንዳንዱ ከፍታ አምስት ጊዜ ለክቼ አማካዩን ወሰድኩ፦

ከፍታ 4 ሴ.ሜ፦ 3.016 ሰከንድ፣ ጂ 6.60
ከፍታ 8 ሴ.ሜ፦ 1.982 ሰከንድ፣ ጂ 7.64
ከፍታ 12 ሴ.ሜ፦ 1.582 ሰከንድ፣ ጂ 7.99
ከፍታ 16 ሴ.ሜ፦ 1.354 ሰከንድ፣ ጂ 8.18

ስሌቱ የተለመደው ነው። ሁለት እጥፍ ርቀቱን ለጊዜው ስኩዌር አካፍዬ አክስለሬሽኑን (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን) አገኛለሁ፤ እሱን ደግሞ ለሳይን፣ ማለትም ከፍታው ለ1.20 ሜትር ተካፍሎ ለሚወጣው፣ አካፍላለሁ። የምጠብቀው 9.81 ነው። ጂ ከከፍታው ጋር አብሮ የሚያድገው ለምንድን ነው? ፍሪክሽን (ሰበቃ) ነው እንዳልል ጋሪው ሲነካ ጥሩ አድርጎ ይንከባለላል። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቲከር ታይመርም (በሚጎተት የወረቀት ጥብጣብ ላይ በእኩል ጊዜ ነጥብ የሚጥል መሣሪያ) አለ፤ ከስቶፕዎቹ ይሻል ይሆን?

ግራፍ_ወረቀት

መምህር ሰላም። ልኬቱ ጥሩ ነው፤ ችግር ያመጣው አራቱን ለየብቻ ማካፈሉ ነው። እያንዳንዱን አክስለሬሽን ለሳይኑ ሲያካፍሉ «ሳይን ዜሮ ሲሆን አክስለሬሽንም ዜሮ ነው» ብለው ወስነዋል ማለት ነው። ጋሪው ግን በዚህ አይስማማም።

ፍሪክሽኑ በእነዚህ ትንንሽ ዘንበሎች ከጋሪው አክስለሬሽን ላይ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። 4 ሴ.ሜ ላይ የሚገፋው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ቅናሹ ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ 16 ሴ.ሜ ላይ ደግሞ ብዙም አይታይም። ጂ ከከፍታው ጋር ያደገ የመሰለው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። በአግድም ሳይኑን (0.0333፣ 0.0667፣ 0.1000፣ 0.1333)፣ በቁም አክስለሬሽኑን (0.220፣ 0.509፣ 0.799፣ 1.091) ነጥብ አድርገው ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። በዜሮ በኩል እንዲያልፍ አያስገድዱት። እኔ ሠርቼው ስሎፑ (የመስመሩ ዘንበል መጠን) 8.71፣ ቁም መስመሩን የሚቆርጥበት ቦታ ደግሞ ከዜሮ በታች 0.071 ሆነ። አራቱም ነጥቦች መስመሩ ላይ ያርፋሉ ማለት ይቻላል።

ይህችን 0.071 በዓይን ማየት ይቻላል። መስመሩ አግድሙን የሚነካው ሳይን 0.0082 ገደማ ላይ ነው፤ በ1.20 ሜትር ጣውላ 1 ሴ.ሜ አካባቢ ከፍታ ማለት ነው። ጣውላውን 1 ሴ.ሜ ብቻ ከፍ አድርገው ጋሪውን በጣት ትንሽ ቢገፉት ሳይፈጥንም ሳይዘገይም እኩል እየሄደ መውረድ አለበት። «በደንብ ይንከባለላል» ያሉት ጋሪ ያቺን 1 ሴ.ሜ የሚበላ ፍሪክሽን አለው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ይህ ቁጥር ፍሪክሽን ብቻ ላይሆን ይችላል። ጠረጴዛው ራሱ በአንድ ሜትር 3 ሚሊ ሜትር እንኳ ካዘነበለ እዚያው ቦታ ተደምሮ ይገባል። ለመለየት ጣውላውን ሙሉ በሙሉ አዙረው፣ የታችኛው ጫፍ በነበረበት በኩል የላይኛው ሆኖ፣ እንደገና ይለኩ። የፍሪክሽኑ ድርሻ ሳይነካ ይቀራል፤ የጠረጴዛው ምልክቱን ይቀይራል። አለዚያ የግንበኛ ውሃ ልክ ያስቀምጡ። እሱም ከሌለ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቀጭን ቱቦ ይበቃል፤ የሁለቱ ጫፍ ውሃ ቁመት እኩል ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይቀር ብቻ ያስተውሉ።

ስሎፑ ግን አሁንም 8.71 ነው። ይህን ጉድለት ፍሪክሽን ላይ መጣል አይቻልም፤ ድርሻውን ጨርሷል።

ቡሎንና_ዳዶ

8.71 ያመጡት ጎማዎቹ ይመስሉኛል። ጋሪው ሲወርድ ስበቱ የሚሠራው ሥራ ጋሪውን ለማስኬድ ብቻ አይውልም፤ ጎማዎቹን ለማሽከርከርም ይከፈላል። ድፍን ክብ ጎማ ከሆነ የማሱን ግማሽ ያህል እንደ ተጨማሪ ማስ ቁጠሩት፤ ማሱ ሁሉ ጠርዙ ላይ ያለ እንደ ብስክሌት ቸርኬ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሙሉውን። የጎማው ስፋት እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ትንሽም ትልቅም ጎማ ቢሆን ግማሹ ግማሽ ነው።

ይህን ስህተት ጋሪውን ወደ ላይ እየገፉ ወደ ታችም እየለቀቁ አማካይ በመውሰድም አያጠፉትም። ያ ዘዴ ፍሪክሽንን ያጠፋል (ሲወጣ ይደመራል፣ ሲወርድ ይቀነሳል)፤ ጎማው ግን ሲወጣም ሲወርድም በአንድ በኩል ነው የሚጎትተው። መስመሩ ላይም የሚታየው በስሎፑ ነው።

ጋሪውን ከነጎማው፣ ከዚያ ጎማዎቹን ለብቻ ቢመዝኑልን ይታወቃል።

ፊዚክስ_አዳማ

ግራፉን ሠራሁት፤ እኔም 8.7 አገኘሁ። በ1 ሴ.ሜ ከፍታ ጋሪው በእርግጥም እኩል እየሄደ ይወርዳል።

ሚዛን ላይ፦ ጋሪው ከነጎማው 480 ግራም፣ እያንዳንዱ ጎማ 30 ግራም።

ቡሎንና_ዳዶ

አራቱ ጎማ 120 ግራም፣ ግማሹ 60። ስለዚህ ስበቱ የሚስበው 480 ግራም ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን 540 ግራም የሚያህል ነገር ነው። 8.71 ሲባዛ በ540፣ ሲካፈል ለ480፣ 9.80 ይሆናል።

ተማሪዎች ይህን በቃል እንዲቀበሉ ከማድረግ በመጫን ማሳየት ይሻላል። ባለ 500 ግራም የፓስታ ጥቅል አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በላስቲክ ጋሪው ላይ ይሰሩ። (ጥቅሉን መዝኑት፤ የተጻፈው ቁጥር የፓስታው እንጂ የማሸጊያው አይደለም። አሸዋ በከረጢት አትጫኑ፣ ሲሄድ ይንሸራተታል።) ጎማው ጥፋተኛ ከሆነ ጋሪው 980 ግራም ሲሆን ስሎፑ ወደ 9.22፣ 1480 ግራም ሲሆን ወደ 9.40 ማደግ አለበት። ካላደገ የእኔ ግምት ስህተት ነው፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ለእያንዳንዱ ጭነት ቢያንስ ሦስት ከፍታ ይለኩ፤ በአንድ ከፍታ ብቻ ካደረጋችሁት ፍሪክሽኑ ተመልሶ ይገባባችኋል። ከዚያ የእያንዳንዱን ስሎፕ ግልባጭ (1 ለስሎፑ ተካፍሎ) በቁም፣ የማሱን ግልባጭ በአግድም አድርጋችሁ ብታሰምሩ መስመሩ ቁሙን የሚቆርጥበት የጂ ግልባጭ ነው። የጎማውን ቅርጽ ማወቅ ሳያስፈልጋችሁ ከሂሳቡ ይወጣል።

ጋሪውን እንደገና መሥራት ከተቻለ ጎማው ኩሽኔታ ራሱ ይሁን። 608 የሚባለው፣ በስኬትቦርድ ጎማ ውስጥ ያለው፣ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ 12 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚሽከረከረውም የውጭው ቀለበትና ከፊል ኳሶቹ ብቻ ናቸው። በ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይታሰራል። በእንጨቱና በኩሽኔታው መካከል የምትገባው ሮንዴላ ትንሽ ትሁን፤ የውስጡን ቀለበት ብቻ ትንካ። ሰፊ ሮንዴላ የውጩን ቀለበት ታሻለች፤ ጋሪው አንዴ ይሄዳል አንዴ ይቆማል፣ ምክንያቱን ፍለጋ ቀኑ ያልቃል። አዲስ ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ግሪስ ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው፦ ክዳኑን በስስ መርፌ አንስታችሁ፣ ከቤት ውጭ በቤንዚን አጥባችሁ፣ ሲደርቅ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩበት። በእንዲህ ያለ ጋሪ ላይ አንድ ኪሎ ሲጫን የጎማው ጉዳይ ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል።

ችፑዱንም ብትተዉት ደስ ይለኛል። በሁለት ጫፉ ብቻ ሲደገፍ መሐሉ ይረግባል፤ ላይኛው ክፍል ከታሰበው ይበልጥ የቆመ፣ ታችኛው የተኛ ይሆናል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥራችሁ መሐል ላይ ክፍተቱን እዩ። ከ1 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ድጋፍ ይፈልጋል። የመስኮት ሠራተኞች የሚቆርጡት የአሉሚኒየም ፕሮፋይል፣ ቦይ ያለው፣ ጋሪውንም ቀጥ አድርጎ ይመራዋል።

ፍሬም_በሰከንድ

እስካሁን የተባለው ትክክል ነው፤ ግን 9.80 መውጣቱ አያስደስተኝም። በእጅ ስቶፕዎች ይህን ያህል መጠጋት ከፊሉ አጋጣሚ ነው። አክስለሬሽን የሚወጣው ከጊዜው ስኩዌር ስለሆነ የጊዜው ስህተት ሁለት እጥፍ ሆኖ ይገባል። በ0.05 ሰከንድ ብንሳሳት 4 ሴ.ሜ ላይ 3 በመቶ ነው፤ 16 ሴ.ሜ ላይ ግን ከ7 በመቶ በላይ።

አምስት ጊዜ መለካት የሚረዳው ወዲያና ወዲህ ለሚዋልል ስህተት ነው። አውራ ጣት ሁልጊዜ በአንድ በኩል ከሳተ ሺህ ጊዜ ቢለካም አይጠፋም። ለቃቂውና ሰዓት ያዡ አንድ ሰው ከሆነ ሰዓቱ የሚነሳው «ልልቀቅ» በሚለው ሐሳብ ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን ዓይን አይቶ ጣት ይከተላል፤ ስለዚህ ጊዜው ይረዝማል። ሁለት ሰው ከሆነ ደግሞ መነሻውም ይዘገያል፣ ከፊሉ ይጣፋል። ይህን ዓይነቱን ስህተት ግራፉ ላይ በመልኩ ታውቁታላችሁ፦ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ትቶ ከላይ በኩል ወደ ታች ይጎብጣል፣ አጭሩ ጊዜ ይበልጥ ስለሚጎዳ።

ስለዚህ ስልኩን ስቶፕዎች ሳይሆን ካሜራ አድርጉት። ዝግታ ቀረጻ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚወስድ ከሆነ አንድ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሰከንድ ነው። 60 ብቻ ከሆነ 17 ሚሊ ሰከንድ፤ እሱም ከአውራ ጣት ይሻላል። መጀመሪያ በሰከንድ መቶኛ የሚቆጥር የሌላ ስልክ ስቶፕዎች ቀርጻችሁ ፍሬሞቹን ቁጠሩ። ብርሃን ሲያንስ ፍጥነቱን በራሱ የሚቀንስ ስልክ አለ፣ 240 ያላችሁት 200 ሆኖ ይገኛል።

ጣውላው ጎን በየ10 ሴ.ሜ ምልክት ያለው ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር ለጥፉ። ጋሪው ላይ ወደ ሜትሩ የሚጠጋ ቀጭን መርፌ ይኑር። ካሜራው ከጣውላው መሐል ፊት ለፊት 2 ሜትር ገደማ ርቆ በሆነ ነገር ላይ ይቁም፤ ቀርቦ ከሆነ ዳርና ዳር ያለው ንባብ ይዛባል።

አሁን ደግሞ የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም፦ ጋሪው መቼ እንደተለቀቀ ማወቅ አያስፈልግም። ከተንቀሳቀሰ በኋላ በየ48 ፍሬሙ (በየ0.2 ሰከንዱ) መርፌው የት እንዳለ ጻፉ። በተከታታይ ንባቦች መካከል ያለው ርቀት በየጊዜው በእኩል መጠን ይረዝማል። በ12 ሴ.ሜ ከፍታ የሚጨምረው 3.2 ሴ.ሜ መሆን አለበት፣ አክስለሬሽኑ 0.8 ከሆነ ማለት ነው። ጭማሪውን በሜትር አድርጋችሁ ለ0.04 (0.2 ሲባዛ በ0.2) አካፍሉ፣ አለቀ። ጋሪውን የለቀቀው ሰው ትንሽ ገፍቶት ቢሆን እንኳ ውጤቱን አይነካም፤ በስቶፕዎች ግን ያ ግፊት አክስለሬሽኑን ያሳብጠው ነበር።

በስቶፕዎቹ መቀጠል ግድ ከሆነ ግን ጋሪውን በእጅ ይዛችሁ አትልቀቁ። ማስመሪያ ከፊቱ አቁሙና ወደ ታች በኩል ፈጥናችሁ ንጠቁት። ርቀቱም ከጋሪው ፊት እስከ ጋሪው ፊት ይለካ። 15 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ጋሪ አፍንጫው ከመነሻው ተለክቶ ጭራው መድረሻውን ሲያልፍ ሰዓት ከተያዘ በ1.00 ሜትር ላይ 15 በመቶ ተሳስቷል።

ግራፍ_ወረቀት

ቲከር ታይመሩን በተመለከተ፦ በየ0.02 ሰከንዱ ነጥብ የሚጥለው የመብራቱ ፍሪክወንሲ 50 ስለሆነ ነው። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ከሠራችሁ ይህ ላይጠበቅ ይችላል። ጄኔሬተሩ 48 ላይ ቢሆንና እናንተ በ50 ብታሰሉ አክስለሬሽኑ በ8.5 በመቶ ይበልጣል። ወረቀቱም በመሣሪያው ውስጥ ሲጎተት የራሱ ፍሪክሽን አለው፤ ለ480 ግራም ጋሪ ትንሽ አይደለም። ኪሎ ተኩል ካልተጫነ አልመክረውም።

የምትጠብቁት ቁጥርም 9.81 አይሁን። አዳማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ምድር ወገብ ላይ በባሕር ወለል 9.780 ነው፤ የአዳማ ኬክሮስ 0.001 ይጨምርበታል፣ ከፍታው ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ 0.003 ይቀንሳል። ተደማምሮ 9.78 ብላችሁ ያዙ። 9.80665 የሚለው እ.ኤ.አ. በ1901 በስምምነት የተወሰነ መደበኛ ቁጥር ነው፤ የትኛውም ከተማ ተለክቶ የወጣ አይደለም። ልዩነቱ 0.3 በመቶ ስለሆነ በዚህ ጋሪ አታዩትም፤ ግን ተማሪ «ስህተቴ ስንት በመቶ ነው» ሲል ከቦታው ቁጥር ጋር ያነጻጽር።

የአዳማን ነፋስም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከተማዋ ዙሪያ የነፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊቱ 10 በ10 ሴ.ሜ የሆነ ግማሽ ኪሎ ጋሪን በሰከንድ 1 ሜትር የሚነፍስ አየር ፊት ለፊት ቢገፋው አክስለሬሽኑን በ0.012 ገደማ ይቀንሰዋል። በ2 ዲግሪ ዘንበል ከ3 በመቶ ይበልጣል። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ደግሞ በ1 ሜትር አይወሰንም። መስኮቱን ዝጉ፤ ቦዩንና ጎማውን በእያንዳንዱ ዙር መካከል በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራው በአንድ ጠዋት ፍሪክሽኑን ይቀይረዋል።

ፊዚክስ_አዳማ

እጅግ አመሰግናለሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ እሱን አላሰብኩትም። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ተማሪው 60። ከዚህ ውስጥ የቱን ልተው? በጋሪ ፈንታ ብይ ማንከባለልስ ያቃልለው ይሆን?

ቡሎንና_ዳዶ

ብይ አይሆንም። ድፍን ኳስ ሲንከባለል የሚያገኘው የጂን አምስት ሰባተኛ ብቻ ነው፤ በትክክል ተለክቶ እንኳ 6.99 ይወጣል። ቦይ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚነካው በሁለት ጎኑ ስለሆነ ከዚያም ያንሳል፤ የቦዩ ስፋት ሂሳቡ ውስጥ ይገባል።

ፍሬም_በሰከንድ

መጫኑን ተዉት እንጂ ግራፉን አትተዉ። ስድስት ቡድን፣ በአሥር አሥር ተማሪ። ጣውላው አንድ ብቻ ቢሆንም ይቻላል፦ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ስልክ አንድ ከፍታ ይቀርጻል (4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 16 ሴ.ሜ)። ሁለት ሁለት ቀረጻ፣ ከፍታ መቀያየሩን ጨምሮ ለአንድ ቡድን 3 ደቂቃ ይበቃል። ያልደረሳቸው ቡድኖች ሳይንና ሰንጠረዥ ይሠራሉ፣ የጨረሱት ፍሬም ይቆጥራሉ። ከፍታውን መጽሐፍ በመቁጠር ሳይሆን በማስመሪያ ያንብቡ፣ ሁለት ተማሪ ለየብቻ፤ 4 ሴ.ሜ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስህተት 2.5 በመቶ ነው። ፕሮትራክተር አይነካ።

ስድስቱ ነጥቦች ሰሌዳው ላይ በአንድ ግራፍ ይሰፍራሉ። ቀጥ ካለው መስመር የወጣ ነጥብ ካለ ያ ቡድን ቪዲዮውን እዚያው እንደገና ይክፈት፣ ብዙ ጊዜ የተዘለለ ፍሬም ይገኛል። ስሎፑን በ540 አባዝቶ ለ480 ማካፈሉን የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ አድርጉት። ጎማዎቹንም ቀረጻው እንዳለቀ ፈታታችሁ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጡ፣ ተማሪ ራሱ ይመዝን።